«249 ግራም ናት» ቦሌ ላይ አታሳልፍም፦ ትንሽ ድሮን ይዞ ስለመግባትና ስለመውጣት

ይህን ከሚዛን፣ ከቴፒ ወይም ከማሻ ሆናችሁ የምታነቡ ከሆነ ጉዳዩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ውጭ ያለ ወንድም፣ እህት ወይም ጓደኛ «ለቡና ለቀማው ስመጣ ትንሽ ድሮን ይዤ ልምጣ?» ብሏችኋል፤ ወይ ደግሞ እናንተ ራሳችሁ ድሮን ይዛችሁ ናይሮቢ፣ ዱባይ ወይም አውሮፓ ልትሄዱ ነው። በሁለቱም በኩል ተደጋግማ የምትሰማ አባባል አለች፦ «249 ግራም ናት፣ ፈቃድ አትፈልግም።»

ይቺ አባባል አሜሪካ ላይ ግማሽ እውነት ናት። አውሮፓ ላይ ከዚያም ታንሳለች። ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሞሮኮ ላይ ደግሞ ጭራሽ አትሠራም። በዚች አባባል ተማምኖ የመጣ ሰው ገና ከአውሮፕላን እንደወረደ ድሮኑን ጉምሩክ አስረክቦ፣ ለቀረጻ ያሰበውን ጉዞ ያለ ድሮን ይጨርሳል። ስለዚህ ትኬት ከመቆረጡ በፊት አንብቡት፤ ለሚመጣውም ሰው ላኩለት።

249 ከየት መጣች?

እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ250 ግራም በላይ የሚመዝን ድሮን ሁሉ ይመዝገብ አለ። የቻይናው ትልቅ አምራች ዲጄአይ በ2019 «ማቪክ ሚኒ»ን ሲያወጣ ልክ 249 ግራም አደረጋት። አጋጣሚ አይደለም፤ ከመስመሩ በአንዲት ግራም ዝቅ ለማለት ነው። ጃፓን ግን ያኔ መስመሩን ያሰመረችው 200 ግራም ላይ ነበር። ስለዚህ ያችው ድሮን ለጃፓን ገበያ አነስ ያለ ባትሪ ተገጥሞላት በ199 ግራም ተሸጠች። በ2022 ጃፓን መስመሩን ወደ 100 ግራም አወረደችው፤ የ199ኟም ብልሃት በዚያው አበቃ።

ማለትም 249 የአንዳንድ አገሮች የምዝገባ መስመር ናት እንጂ ዓለም አቀፍ ሕግ አይደለችም። ሌላም አለ፦ ቁጥሯ የምትሠራው ድሮኗ ከፋብሪካ በወጣችበት ባትሪ ብቻ ነው። ለ«ሚኒ 3» ለብቻው የሚሸጠው ትልቁ «ፕላስ» ባትሪ ሲገጠም ክብደቱ ከ250 ያልፋል። የፕሮፔለር መከላከያ ብታስሩባትም እንደዚያው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ማን ነው የሚፈቅደው?

ሁለት ተቋማት አሉ፤ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያምታቷቸዋል። የአየር ክልሉንና የበረራ ደኅንነቱን የሚመለከተው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትና ለመጠቀም በቅድሚያ ፈቃዱ የሚጠየቀው ደግሞ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ነው፤ ሁላችንም ኢንሳ የምንለው። ቦሌ ላይ ድሮናችሁን አይቶ «ወረቀት አላችሁ?» የሚለው የጉምሩክ ሠራተኛ የሚፈልገው የዚህን ተቋም ፈቃድ ነው።

የአሜሪካና የእንግሊዝ መንግሥታት ወደ ኢትዮጵያ ለሚመጡ ዜጎቻቸው በሚያወጡት የጉዞ ምክር ላይ ይህ በግልጽ ተጽፏል፦ ያለ ቅድመ ፈቃድ የመጣ ድሮን ይያዛል። ዜግነታቸውን የቀየሩ ወገኖቻችን «እኔ እኮ የአገሬ ልጅ ነኝ» ብለው ይህን ምክር አያነቡትም። ስካነሩ ግን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ አይለይም። ሻንጣ ውስጥ የተኛች ድሮን ደግሞ በኤክስሬይ በቀላሉ ትታያለች፦ አራት ሞተር፣ ካሜራ፣ ባትሪ። በካልሲ ጠቅልሎ መደበቅ የሚያመጣው ለውጥ አንድ ነው፤ «ሳላውቅ ነው» የሚለውን ምክንያት ያሳጣችኋል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ተቃራኒ ነው መሆን ያለበት። መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ ትኬት። ማመልከቻ ስትጽፉ የድሮኑን ሞዴልና ሲሪያል ቁጥር፣ ለምን እንደምትፈልጉት፣ የትኛው ወረዳ ላይ፣ ከስንት እስከ ስንት ቀን፣ ማን እንደሚያበርረው በዝርዝር አስቀምጡ። «ኢትዮጵያን ለማስተዋወቅ» የሚል ጥቅል ዓላማ ማንንም አያሳምንም። «የኪ ወረዳ፣ የቡና ለቀማ ቀረጻ፣ ሦስት ቀን» የሚለው ይሻላል። ሥራው የድርጅት፣ የዩኒቨርሲቲ ወይም የሚዲያ ከሆነ የተቋሙን ደብዳቤ አያይዙ። ለግል መዝናኛ ብቻ የሚጠይቅ ሰው መንገዱ ጠባብ መሆኑን ከአሁኑ ቢያውቀው ይሻለዋል። እውነቱን ለመናገር፣ ለብዙ ጎብኚ ትክክለኛው መልስ «ቤት ትተኸው ና» ነው። አገር ውስጥ ፈቃድ ያለው ቀራጭ ፈልጎ መክፈል ብዙ ጊዜ ርካሽም፣ እንቅልፍም የሚሰጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታችንን እንናገር። ከሚዛን አዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቴፒ ላይ የፎቶ ስቱዲዮ ያለው ወጣት የሠርግ ቀረጻ በድሮን ልሥራ ቢል፣ ጉዳዩን የሚያስጨርሰው እንደ ቦሌ ልጅ ታክሲ ይዞ ሄዶ አይደለም። ቁጥጥር ይኑር፤ ግን መስፈርቱና ክፍያው በአማርኛ፣ በስልክ በሚነበብ መልኩ፣ በአንድ ቦታ ተዘርዝሮ ቢቀመጥ ለተቆጣጣሪውም ለተቆጣጠረውም ይቀላል።

ቦሌ ላይ ከተያዘስ?

አትከራከሩ፤ ግን ያለ ደረሰኝ አትውጡ። ደረሰኙ ላይ ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ መጻፉን አዩት፤ «አንድ ድሮን» ብቻ የሚል ወረቀት በኋላ ጭቅጭቅ ነው። ባትሪዎቹና ሪሞቱም ይቆጠሩ። ሚሞሪ ካርዱን ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። በጉምሩክ የተያዘ ድሮን ከአገር ሲወጡ የሚመለስበት አሠራር አለ። ስለዚህ የምትመለሱበትን ቀን ንገሩ፣ የት ሄዳችሁ እንደምትረከቡ በስም ጠይቁ፣ በመውጫ ቀናችሁም ከወትሮው ሰዓታት ቀድማችሁ አውሮፕላን ማረፊያ ድረሱ። በረራው ሌሊት ከሆነ ንብረት ክፍሉ ያኔ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ አጣሩ።

ስለ አደራ ዕቃ

ይሄኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ለሰፈሩ ሁሉ ነው። ጫማ፣ ስልክ፣ የእናት መድኃኒት ይላክበታል። ከነዚህ መሀል «ትንሽ መጫወቻ ናት፣ ለወንድሜ ልጅ አድርሺልኝ» ተብላ የተጠቀለለች ድሮን ብትኖርስ? ጉምሩክ ላይ የምትጠየቀው ሻንጣው በስሟ የተመዘገበው ሴት ናት እንጂ ላኪው አይደለም። እሷ ሞዴሉን አታውቅም፣ ለምን እንደተላከ አታውቅም፣ ማን እንደሚያበርረው አታውቅም። ሦስቱም የምትጠየቃቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ላኪ ከሆናችሁ፣ ያለ ፈቃድ ድሮን በሰው ሻንጣ አትላኩ። ተቀባይ ከሆናችሁ «ላክልኝ» አትበሉ። አምጪ ከሆናችሁ ደግሞ የተጠቀለለ ነገር ፈትታችሁ እዩ። ይሉኝታ ይዟችሁ ያልፈታችሁትን፣ ቦሌ ላይ ሌላ ሰው ይፈታዋል።

ፈቃዱ ይዟችሁ ደቡብ ምዕራብ ከደረሳችሁ በኋላ

የአዲስ አበባው ወረቀት የመጀመሪያው በር ነው። ወረዳው አስተዳደርና ፖሊስ ስለ እናንተ ምንም ካልሰማ፣ ድሮኗ ከተነሳች በአምስተኛው ደቂቃ ሰው መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ከመነሳት በፊት የፈቃዱን ኮፒ ለዞን፣ ለወረዳና ለቀበሌ አሳዩ። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ከኅዳር 2014 ጀምሮ መቀመጫዎቹን ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ቴፒና ተርጫ ላይ አከፋፍሏል። ከክልል ደብዳቤ ካስፈለገ መጀመሪያ «የትኛው ከተማ ነው ያለው ቢሮው?» ብሎ ደውሎ መጠየቅ የአንድ ቀን መንገድ ያተርፋል።

የምዕራብ ኦሞ ዞን ከደቡብ ሱዳን ይዋሰናል። ወደዚያ አቅጣጫ ፈቃዳችሁ ቦታውን በስም ካልጠራ አታውጧት። ቴፒ የቆየ የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ አላት፤ ሚዛን አማንም የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ ማረፊያ ከሚያስገነባባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ሜዳው ላይ ከብት ስለሚግጥ ባዶ አየር ነው ማለት አይደለም፤ ሄሊኮፕተር ሲመጣ ለእናንተ አስቀድሞ የሚነግር የለም።

የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012፣ የካፋ ደን ደግሞ በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆነው ተመዝግበዋል። እንዲህ ዓይነት ቦታ እምብርት፣ መከለያና መሸጋገሪያ ተብሎ በቀጠና የተከፈለ ነው። እምብርቱ ላይ ለቀረጻ ብቻ ብሎ ጩኸት ይዞ መግባት የሚመከር አይደለም፤ ከጥብቅ ቦታው ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋገሩ። በሸካ በባህል የሚከበሩ፣ ማንም ዘው ብሎ የማይገባባቸው የደን ቦታዎችም አሉ። በእግር የማይገባበት ቦታ በካሜራም አይገባበትም፤ ሽማግሌ መጠየቅ ነው። ሱርማ በኩልም ሰው በእግር ቀርቦ ፎቶ ሲነሳ ይጠየቃል፤ ከላይ ሲሆን የማይጠየቅበት ምክንያት የለም።

አሁን ደግሞ ስለ ድምፁ። ድሮን የሚለው ቃል እዚህ አገር መጫወቻ ማለት ካልሆነ ዓመታት ተቆጥረዋል። በ2014 የገና ዕለት ትግራይ ደደቢት በሚገኝ የተፈናቃዮች ጣቢያ ላይ በደረሰ የድሮን ጥቃት ከ50 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ ከዚያ ወዲህም በአማራና በኦሮሚያ ክልሎች የድሮን ጥቃት ዜና አልተቋረጠም። ከነዚህ አካባቢዎች ሸሽተው ወይም ሥራ ፍለጋ ወደ ቡና ምድር የመጡ ሰዎች አሉ። ለቀማ ላይ ያለች ሴት ከላይ ንብ የመሰለ ድምፅ ሰምታ ቅርጫቷን ጥላ ብትሮጥ ማንም አይሳቅባት። ስለዚህ ከመነሳት በፊት ለለቃሚዎቹ ንገሩ፣ ድሮኗን አሳዩ፣ ለልጆቹ ስክሪኑን አስነኩ። «አትነሳብን» ካሉ አትነሳም። ሥራ አስኪያጁ ቢፈቅድም።

ለቴክኒኩ ባጭሩ፦ ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ዝናባማ ክፍል ነው፣ ትንንሾቹ ድሮኖች ደግሞ ውኃ አይችሉም። ከጥላ ዛፍ ሥር አታስነሱ፤ ጂፒኤስ ሳይዝ ከተነሳች መመለሻዋን አታውቀውም። «ወደ ቤት ተመለስ» የሚለውን ከፍታ ከአካባቢው ረጅሙ ዛፍ በላይ አድርጉት፤ ያለበለዚያ ባትሪ ሲያልቅባት ቀጥ ብላ ዋንዛው ውስጥ ነው የምትገባው። ቡና የተሰጣበት አልጋ ላይ ዝቅ ብላችሁ አታብርሩ፤ ነፋሷ ገለባና አቧራ ታነሳለች፣ የሰው ምርት ነው።

ለቡና መሬት ልኬት ድሮን ያስፈልጋል?

ይህ ጥያቄ ስለሚደጋገም ነው። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ሕግ ቁጥር 2023/1115 ቡና ወደ አውሮፓ ሲገባ የበቀለበት መሬት መገኛ እንዲታወቅ ይጠይቃል። ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ተደጋግሞ ቢራዘምም ዝግጅቱ ቀጥሏል። «ድሮን ካልገዛችሁ ቡናችሁ አይሸጥም» የሚል ነጋዴ ከመጣባችሁ አትስሙት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ ሕጉ የሚጠይቀው አንድ የጂፒኤስ ነጥብ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነው ዙሪያውን የሚያሳይ መስመር። ሁለቱንም በእጃችሁ ባለው ስልክ በእግር ዞራችሁ መያዝ ይቻላል። አብዛኛው የአካባቢያችን ገበሬ ማሳ ደግሞ ከ4 ሄክታር በታች ነው።

ወደ ውጭ ስትሄዱ

ኬንያ፦ ከ2020ው ደንብ ወዲህ ለማስገባትም ለማብረርም የአገሪቱ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ፓርክ ውስጥ ከሆነ የዱር እንስሳት አገልግሎቱም ይጨመራል። ለአንድ ሳምንት ጉብኝት ያን ሁሉ ከመዞር እዚያ ፈቃድ ያለው ሰው መቅጠር ይቀላል።

ግብፅ፦ በ2017 በወጣው ሕግ ቁጥር 216 መሠረት የመከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ የሌለው ድሮን መያዝም ማብረርም ክልክል ነው። ሞሮኮም ከ2015 ጀምሮ ማስገባት ከልክላለች። በካይሮ ወይም በካዛብላንካ አድራችሁ የምታልፉ ከሆነ፣ ሻንጣ ይዛችሁ ከአውሮፕላን ማረፊያው ስለምትወጡ «ትራንዚት ነኝ» ማለት አያድንም።

ኤምሬትስ፦ በጃንዋሪ 2022 አቡ ዳቢ በድሮንና በሚሳኤል ከተመታች በኋላ ለመዝናኛ ማብረር ሙሉ በሙሉ ተከልክሎ ነበር። በኋላ በደረጃ መከፈት ጀምሯል፤ ምዝገባና ፈቃድ ግን ግዴታ ነው። ዱባይ ላይ በርካሽ ዋጋ ድሮን ገዝቶ ከሆቴል ሰገነት መሞከር የሚባለውን ነገር ርሱት። እዚያ ለሥራ ያላችሁ ከሆነ መዘዙ ከቅጣቱ ይልቅ መኖሪያ ፈቃዳችሁ ላይ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች፦ ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አንድ ዓይነት ደንብ አላቸው። ካሜራ ያላት ድሮን መጫወቻ ካልሆነች በቀር 249 ግራም ብትሆንም አብራሪው መመዝገብ አለበት። ከውጭ የመጣ ሰው መጀመሪያ በሚያበርርበት አገር ይመዘገባል፤ ቁጥሩ በሌሎቹም ይሠራል። ከፍታው ከመሬት 120 ሜትር አያልፍም፣ ድሮኗም ከዓይን መራቅ የለባትም። ጀርመን ከዚህ በላይ የጉዳት ኢንሹራንስ ትጠይቃለች።

አሜሪካ፦ ከ250 ግራም በታች የሆነች ድሮን ለመዝናኛ ብቻ ከሆነ ምዝገባ አያስፈልጋትም። ነጻ የሆነውን የኦንላይን ፈተና ማለፍ ግን ግዴታ ነው። ቪዲዮው ለዩቲዩብ ገቢ ወይም ለክፍያ ከሆነ «መዝናኛ» አይባልም፤ ያኔ የባለሙያ አብራሪ ፈቃድም ምዝገባም ይመጣል፣ ክብደቷ ምንም ይሁን። ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ከ2014 ጀምሮ ክልክል ነው። ካናዳ ለትንሿ ድሮን ላላ ትላለች።

ደንብ ይለወጣል። ጉዞ ሊቀራችሁ ሲል የዚያን አገር ሲቪል አቪዬሽን ድረ ገጽ ራሱን ክፈቱ፤ የሁለት ዓመት የዩቲዩብ ቪዲዮ አይበቃም።

ባትሪ

እዚህ ላይ አገሮቹና አየር መንገዶቹ ይስማማሉ። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ይያዛል። ምክንያቱም ሙቀት ፈጥሮ ቢቃጠል ጓዳ ውስጥ ሰው አይቶ ያጠፋዋል፣ ዕቃ ክፍል ውስጥ ግን አይታይም። መጠኑ የሚለካው በዋት ሰዓት ነው፦ ቮልቱን በአምፒር ሰዓት ማባዛት። የ«ሚኒ 3» መደበኛ ባትሪ 7.38 ቮልትና 2,453 ሚሊ አምፒር ሰዓት ነው፤ 7.38 ሲባዛ በ2.453 ወደ 18.1 ዋት ሰዓት ይሆናል። እስከ 100 ያለው በመደበኛ ሁኔታ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ስለዚህ የትንሿ ድሮን ባትሪ ችግር የለበትም፣ ስንት ፍሬ እንደሚፈቀድ ግን ከአየር መንገዳችሁ ጠይቁ። የብረቱን መገናኛ በፕላስተር ሸፍኑ ወይም እያንዳንዱን በየከረጢቱ አድርጉ። ያበጠ ባትሪ ካለ ይዛችሁ አትጓዙ።

ስትመለሱ

ኢትዮጵያ ውስጥ በፈቃድ የያዛችሁትን ድሮን ይዛችሁ ወጥታችሁ ስትመለሱ፣ ቦሌ ላይ ያለው ሠራተኛ የሚያየው ከውጭ የገባ ድሮን ነው። ያንተው የድሮ ንብረት መሆኑ ፊቱ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ጉምሩክ ዴስክ ሄዳችሁ ይዛችሁ እየወጣችሁ መሆኑን አስመዝግቡ፤ የፈቃዱን ዋና ወረቀት በእጅ ሻንጣ፣ ፎቶውን ስልካችሁ ላይ፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ቤት ላለ ሰው አስቀምጡ። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው የሲሪያል ቁጥር ድሮኗ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ ውጭ አገር ተበላሽታ በዋስትና በሌላ ከተተካች ቁጥሩ ተቀይሯል ማለት ነው፣ ፈቃዱም የአሮጌዋ ነው። ያኔ ከመመለሳችሁ በፊት ለፈቃድ ሰጪው ጽፋችሁ አዲሱን ቁጥር አስመዝግቡ።